ጂያቻንግ ዶውፉ (የቤት ቶፉ)

ጂያቻንግ ዶውፉ በቻይና ቤቶች በየዕለቱ የሚበላ ቀላል የቶፉ ምግብ ነው። ስሙ በቻይንኛ «በቤት የተለመደ ቶፉ» ማለት ነው። ቶፉ ራሱ ከአኩሪ አተር ወተት እንደ አይብ ረግቶ የሚሠራ ነጭ ምግብ ሲሆን፣ ለጂያቻንግ ዶውፉ ተቆራርጦ ይጠበስና በነጭ ሽንኩርት፣ በዝንጅብል፣ በቃሪያና በሶይ ሶስ ይበስላል። በአንዳንድ የቻይና ክፍለ ሀገሮች ጥቂት የአሳማ ሥጋ ይገባበታል፤ ያለ ሥጋ የሚሠራው ግን የተሟላ የጾም ምግብ ነው። አኩሪ አተር በኢትዮጵያ ስለሚበቅል ቶፉውን በቤት መሥራት ይቻላል። እንደ አቃቂ ባሉ ደጋማ ቦታዎች ለሚሠራው ሰው ዋናው ጥንቃቄ የአኩሪ አተሩ ወተት በሚገባ መብሰሉ ነው።

ስያሜና አመጣጥ

ቶፉ የሚለው ቃል ከጃፓንኛ ወደ ሌሎች ቋንቋዎች የተዛመተ ሲሆን፣ የጃፓንኛው ቃል ራሱ ከቻይንኛው «ዶውፉ» የመጣ ነው። «ዶው» ባቄላ ወይም አተር ማለት ሲሆን፣ «ፉ» የረጋ ወይም የፈላ ነገርን ያመለክታል። የቻይና አፈ ታሪክ ቶፉን የፈጠረው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው የሃን ሥርወ መንግሥት መስፍን ልዩ አን ነው ይላል። ስለ ቶፉ በግልጽ የሚናገረው ቀደምት ጽሑፍ ግን የ10ኛው ክፍለ ዘመን ነው።

ቶፉ በምሥራቅ እስያ እንዲስፋፋ ሥጋ የማይበሉ የቡድሃ መነኮሳት ትልቅ ድርሻ ነበራቸው። ሽሮ፣ ክክና ምስር በኢትዮጵያ ጾመኞች ማዕድ ላይ ያላቸውን ቦታ ቶፉ በእነዚያ ገዳማት ማዕድ ላይ ነበረው።

አኩሪ አተር በኢትዮጵያ

አኩሪ አተር ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነው። ዛሬ በብዛት የሚመረተው በቤኒሻንጉል ጉሙዝ፣ በምዕራብ ወለጋ፣ በጅማ አካባቢና በአማራ ክልል ምዕራባዊ ቆላዎች ሲሆን፣ በምርምሩ የፓዌና የጅማ የግብርና ምርምር ማዕከላት ይታወቃሉ። አብዛኛው ምርት ለዘይት መጭመቂያ፣ ለከብትና ለዶሮ መኖ፣ ለድብልቅ የምግብ ዱቄትና ለውጭ ገበያ ይውላል። በቤት ውስጥ ግን አኩሪ አተር እንደ ሽምብራ ወይም እንደ ባቄላ አልተለመደም። ምክንያቱም እንደ ሌላው ጥራጥሬ ቶሎ አይበስልም፣ ጥሬ ጥሬ የሚል ጠረንም አለው። ቶፉ ሁለቱንም ችግሮች ያቃልላል፤ ፍሬው ተፈጭቶ ስለሚጣራ ጠንካራው ክፍል ይቀራል፣ በማፍላቱም ጠረኑ ይቀንሳል።

ቻይናውያን በአቃቂ

አቃቂ በአዲስ አበባ ደቡባዊ ጫፍ ወደ ቢሾፍቱ በሚወስደው መንገድ ላይ ይገኛል። ከኢትዮጵያና ከቻይና ትብብር ጋር የተያያዙ በርካታ ሥራዎች በዚህ አካባቢ አሉ። በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል በቻይና መንግሥት እርዳታ የተሠራ ሲሆን፣ ስሙን ያገኘው በ2008 (እ.ኤ.አ.) በቤጂንግ ኦሎምፒክ በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ወርቅ ካገኘችው ከጥሩነሽ ዲባባ ነው። በ2015 (እ.ኤ.አ.) ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር የሰሜን ደቡብ መስመር ቃሊቲ ላይ ያበቃል። ከቱሉ ዲምቱ የሚነሳውን የአዲስ አዳማ ፈጣን መንገድም የቻይና ተቋራጭ ሠርቶታል። ወደ ዱከም ሲዘልቁ ደግሞ የቻይና ባለሀብቶች ያቋቋሙት የምሥራቅ ኢንዱስትሪ ዞን ይገኛል።

ከቻይናውያን ጋር የሠሩ የአካባቢው ሰዎች ከሩዝ ጋር የሚቀርበውን ይህን ነጭ ምግብ አይተውት ይሆናል። ሆኖም ቶፉ በተራ ሱቅና በጉሊት የተለመደ ዕቃ ስላልሆነ፣ መቅመስ የሚፈልግ ሰው ከፍሬው ጀምሮ ራሱ ቢሠራው ይቀለዋል።

ቶፉ ከአይብ ጋር ሲነጻጸር

የቶፉ አሠራር የአይብን አወጣጥ ለሚያውቅ እንግዳ አይደለም። አይብ ሲወጣ እርጎው ተንጦ ቅቤው ከወጣለት በኋላ የቀረው አሬራ በለስላሳ እሳት ይሞቃል፤ አሬራው አስቀድሞ ስለ ኮመጠጠ በሙቀቱ ፕሮቲኑ ይረጋና ከአጓቱ ይለያል። የአኩሪ አተር ወተት ግን ኮምጣጣ ስላልሆነ በሙቀት ብቻ አይረጋም። በውስጡ ያሉት የፕሮቲን ቅንጣቶች ተመሳሳይ የኤሌክትሪክ ሙል ስላላቸው እርስ በርስ ይገፋፋሉ። አሲድ (ሎሚ ወይም አቼቶ) ወይም የካልሲየምና የማግኒዥየም ጨው ሲጨመርበት መገፋፋቱ ይቀንስና ቅንጣቶቹ ተያይዘው ይረጋሉ።

በቻይና በብዛት የሚሠራበት ማርጊያ ለምግብ የተዘጋጀ ካልሲየም ሰልፌት ነው። ይህ ንጥረ ነገር ከጀሶ ጋር አንድ ዓይነት ማዕድን ቢሆንም፣ ለግንባታ የሚሸጠው ጀሶ ለምግብ የተዘጋጀ ስላልሆነና ባዕድ ነገር ሊኖርበት ስለሚችል ፈጽሞ ምግብ ውስጥ መግባት የለበትም። ለምግብ የተዘጋጀው ከሌለ ሎሚ ይበቃል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ለቶፉው፦ 250 ግራም ደረቅ አኩሪ አተር፣ 2 ሊትር ያህል ንጹሕ ውኃና የ2 ወይም የ3 ሎሚ ጭማቂ (ወደ 4 የሾርባ ማንኪያ)። ከዚህ ልክ በአማካይ ከ300 እስከ 400 ግራም ቶፉ ይወጣል።

ለወጡ፦ 3 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ 3 ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ አውራ ጣት የሚያህል ዝንጅብል፣ 1 ቀይ ሽንኩርት፣ 2 ቃሪያ፣ 1 ቲማቲም፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ሶይ ሶስ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ ብርጭቆ ውኃ። የሚያቃጥል ለሚወድ 1 የሻይ ማንኪያ አዋዜ ይጨመራል።

የቶፉው አሠራር

1. አኩሪ አተሩ ተለቅሞና ታጥቦ ከ8 እስከ 12 ሰዓት ይዘፈዘፋል። በደንብ የራሰ ፍሬ ለሁለት ሲከፈል መሐሉ ጎድጎድ አይልም፣ ቀለሙም ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ዓይነት ይሆናል። የተዘፈዘፈበት ውኃ ይደፋል።

2. ፍሬው በአዲስ ውኃ በመፍጫ ማሽን (ብሌንደር) እስኪልም ይፈጫል።

3. የተፈጨው በንጹሕ ስስ ጨርቅ ተጠልሎ በደንብ ይጨመቃል። የወጣው ነጭ ፈሳሽ የአኩሪ አተር ወተት ነው። በጨርቁ ላይ የቀረው አሰር አይጣልም፤ ሆኖም ገና ጥሬ ስለሆነ ከሽሮ ጋር ወይም በዳቦ ሊጥ ውስጥ ገብቶ በሚገባ መብሰል አለበት።

4. ወተቱ በትልቅ ድስት ተጥዶ እንዳያርር ያለማቋረጥ እየተማሰለ ይፈላል። ወተቱ የድስቱን ግማሽ ብቻ መያዝ አለበት፤ አረፋው በፍጥነት ይገነፍላልና።

5. በሚገባ ከፈላ በኋላ ከእሳት ወርዶ 5 ደቂቃ ያህል ይቀመጣል። የሎሚው ጭማቂ በአንድ ሲኒ ውኃ ተበርዞ በሦስት ጊዜ ቀስ እየተባለ ይጨመርበታል፣ በእርጋታም አንድ ሁለት ጊዜ ይማሰላል። ከዚያ ተከድኖ 15 ደቂቃ ሳይነካ ይቆያል። ነጩ እርጎ ተለይቶ ቢጫ አጓት ሲታይ ረግቷል። ፈሳሹ አሁንም እንደ ወተት ከነጣ ጥቂት ሎሚ ይጨመራል።

6. የረጋው በጨርቅ በተሸፈነ ወንፊት ላይ ይገለበጥና ጨርቁ ይታጠፋል። በላዩ ላይ ወደ 1 ኪሎ የሚመዝን ነገር ተጭኖበት ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ይቆያል። ረዘም ላለ ጊዜ የተጫነ ቶፉ ሲጠበስ አይፈራርስም።

ወተቱ በደንብ መብሰል ያለበት ለምንድን ነው?

በጥሬ አኩሪ አተር ውስጥ ፕሮቲንን የሚፈጨውን ትሪፕሲን የተባለ ኢንዛይም ሥራ የሚያግዱ ንጥረ ነገሮችና ሌክቲን የተባሉ ፕሮቲኖች አሉ። በደንብ ያልበሰለ የአኩሪ አተር ወተት የጠጣ ሰው ማቅለሽለሽ፣ ማስታወክ፣ የሆድ ቁርጠትና ተቅማጥ ሊይዘው ይችላል። እነዚህን ነገሮች የሚያዳክማቸው በቂ ሙቀት ለበቂ ጊዜ ሲያገኛቸው ነው።

ብዙዎችን የሚያሳስተው የወተቱ አረፋ ነው። በአኩሪ አተር ያለው ሳፖኒን አረፋ ስለሚፈጥር ወተቱ 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ የፈላ መስሎ ይገነፍላል። ቻይናውያን ይህንን «የሐሰት ፍል» ይሉታል። በዚህ ጊዜ እሳቱን ማጥፋት ስሕተት ነው። አረፋው እየተገፈፈ እሳቱ ቀንሶ ወተቱ ከሥር መንተክተክ እስኪጀምር መጠበቅ ያስፈልጋል፤ የመፍላቱ ጊዜ የሚቆጠረውም ከዚያ ወዲህ ነው።

የቦታው ከፍታ ሁለተኛው ጉዳይ ነው። በባሕር ጠለል ላይ ውኃ በ100 ዲግሪ ይፈላል። አቃቂ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,100 ሜትር ስለሚሆን የአየሩ ግፊት ያነሰ ነው፣ ውኃም በ93 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። እሳት ቢጨመርም ክፍት ድስት ከዚህ በላይ አይሞቅም። ስለዚህ በባሕር ጠለል አካባቢ ለተጻፈ አሠራር 10 ደቂቃ የሚባለው በአቃቂ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ቢደረግ ይመረጣል። ወተቱን በግፊት ድስት ማፍላት አይመከርም፤ አረፋው የእንፋሎት መውጫውን ሊደፍነው ይችላል።

የወጡ አሠራር

ቶፉው የክብሪት ቀፎ በሚያህል መጠን ይቆረጥና ጨው ባለበት ሙቅ ውኃ 10 ደቂቃ ይነከራል። ይህ የሎሚውን ኮምጣጣነት ይቀንሳል፣ ቶፉውንም ያጠነክራል። ከዚያ ዘይቱ እንዳይረጭ በንጹሕ ጨርቅ ይደርቃል። ዘይት በመጥበሻ ሲግል ቁርጥራጩ ሳይደራረብ ይደረደራል፣ ከሥሩ ወርቃማ እስኪሆንም አይነካም፤ ያለጊዜው ከተገላበጠ ይጣበቃል። ሁለቱም ገጽ ሲጠበስ ይወጣል።

በቀረው ዘይት ቀይ ሽንኩርቱ ለአጭር ጊዜ ይቁላላል። እንደ ዶሮ ወጥ ሽንኩርት ረጅም ሰዓት አይቁላላም፤ የቻይና አሠራር በኃይለኛ እሳት ፈጥኖ ማብሰል ነው። ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉና አዋዜው ተጨምሮ መዓዛው ሲወጣ ቲማቲሙ ይገባል። ቀጥሎ ሶይ ሶሱ፣ ስኳሩና ውኃው ይጨመራል። ቶፉው ተመልሶ ገብቶ መረቁ እስኪወፍር 5 ደቂቃ ይንተከተካል። ቃሪያው እንዳይልም መጨረሻ ላይ ይጨመራል። ሶይ ሶስ ጨው ስለሚበዛበት ሳይቀመስ ሌላ ጨው አይጨመርም።

በሲቹዋን ክፍለ ሀገር በአዋዜው ቦታ የሚገባው ከባቄላና ከቀይ ቃሪያ ተብላልቶ የሚሠራ «ዶውባንጂያንግ» የተባለ ቅመም ነው። በቻይና ምግቡ ከነጭ ሩዝ ጋር ይበላል። በኢትዮጵያ የፎገራ ሩዝ ይስማማዋል፤ በእንጀራ ለመብላት ደግሞ መረቁን በዛ አድርጎ ማስቀረት ጥሩ ነው።

የምግብ ይዘትና ጾም

ከደረቅ አኩሪ አተር ወደ 36 በመቶው ፕሮቲን ሲሆን፣ በምስር 25 በመቶ፣ በሽምብራ 20 በመቶ ያህል ነው። የአኩሪ አተር ፕሮቲን ሰውነት ራሱ የማይሠራቸውን አሚኖ አሲዶች ሁሉ ይዟል። እንደ 55 ቀኑ ዐቢይ ጾም ባሉ ረጃጅም አጽዋማት ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል ስለማይበሉ ይህ ጠቃሚ ነው። በካልሲየም ሰልፌት የረጋ ቶፉ ብዙ ካልሲየም ሲኖረው በሎሚ የረጋው ግን ያን ያህል የለውም፤ ከጤፍ እንጀራ ጋር መብላት ጥቂት ያካክሳል። ለአኩሪ አተር አለርጂ ያለው ሰው ቶፉ መብላት የለበትም።

አቀማመጥ

ቶፉ ውኃማና ፕሮቲን የሞላበት ስለሆነ ቶሎ ይበላሻል። ወዲያው የማይበላ ከሆነ በንጹሕ ውኃ ተሸፍኖ በማቀዝቀዣ ይቀመጣል፣ ውኃው በየቀኑ ይለወጣል፣ በ3 ወይም በ4 ቀን ውስጥም ይበላል። ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት ቶፉው በተሠራበት ቀን ተበስሎ መበላት አለበት። ሙልጭልጭ ያለ፣ ያልተለመደ ሽታ ያመጣ ወይም የተቀመጠበት ውኃ የደፈረሰ ቶፉ ይጣላል፤ መልሶ መጥበስ አያድነውም።