«ጋስ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል፦ አንድ ስም፣ ብዙ ነዳጅ



የዛሬውን ንግግሬን በአንድ ምሳሌ ልጀምር። አሜሪካ ውስጥ በሚሸጥ የቤት ማሞቂያ ላይ እንዲህ የሚል የእንግሊዝኛ ማስጠንቀቂያ ተጽፏል እንበል፦ «ኬሮሲን እንጂ ጋስ ፈጽሞ አይጨመርበት።» አንድ ትጉህ ተማሪ ይህን ሲተረጉም «ኬሮሲን»ን «ነጭ ጋዝ»፣ «ጋስ»ን ደግሞ «ጋዝ» ቢለው፣ አንባቢው እጅ የሚገባው «ነጭ ጋዝ እንጂ ጋዝ አይጨመርበት» የሚል ጽሑፍ ይሆናል። በአማርኛ የዕለት ንግግር ግን ጋዝ ማለት በኩራዝና በምድጃ የሚነደው ያው ነጭ ጋዝ፣ በሌላ ስሙ ላምባ ነው። ማስጠንቀቂያው ራሱን በራሱ አፈረሰ ማለት ነው። ጸሐፊው ሊከለክል ያሰበው ቤንዚን ከነጭራሹ አልተጠቀሰም።

ስሕተቱ የቃላት ብቻ አይደለም። ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በሆነ ቅዝቃዜ እንኳ እሳት ሊይዝ የሚችል ተን ያወጣል። ላምባ ግን ለዚህ ቢያንስ ወደ 38 ዲግሪ መሞቅ አለበት። ለላምባ በተሠራ ማሞቂያ ውስጥ ቤንዚን የጨመረ ሰው ቤቱን ለእሳት አሳልፎ ይሰጣል። ስለዚህ ዛሬ የምንመረምረው ቃል አጭር ቢሆንም፣ ጥያቄው የሰው ሕይወት የሚነካ ነው።

ቃሉ ሲወለድ የነዳጅ ስም አልነበረም። በዛሬዪቱ ቤልጂየም የኖረው ሐኪምና ኬሚስት ያን ባፕቲስት ቫን ሄልሞንት 62 ፓውንድ የእንጨት ከሰል ሲቃጠል 1 ፓውንድ አመድ ብቻ እንደሚተርፍ አስተዋለ። የቀረው 61 ፓውንድ ወደ ማይታይ፣ በዕቃ ሊያዝ ወደማይችል መንፈስ ተለውጧል አለ። ለዚህም ነገር፣ ቅርጽ የለሽ ትርምስ ማለት ከሆነው «ካኦስ» ከተባለው የግሪክ ቃል ተነሥቶ «ጋስ» የሚል ስም አወጣለት። ቃሉ የሠፈረበት መጽሐፍ የታተመው ደራሲው ከሞተ ከ4 ዓመታት በኋላ በ1648 እ.ኤ.አ. ነው። ዛሬ በትምህርት ቤት «ጠጣር፣ ፈሳሽና ጋዝ» ስንል የምንጠቀመው በዚህ በሳይንሳዊው ፍቺ ነው።

ቃሉ ወደ ነዳጅነት የተሸጋገረው በብሪታንያ ነው። በ1792 እ.ኤ.አ. ዊልያም መርዶክ ከድንጋይ ከሰል በወጣ ጋዝ በኮርንዋል የነበረውን ቤቱን አበራ። በ1812 እ.ኤ.አ. በለንደን የጋዝ መብራት ኩባንያ በንጉሣዊ ቻርተር ተቋቋመ፤ በተከታዩ ዓመት ማብቂያም የዌስትሚኒስተር ድልድይ በጋዝ በራ። ከዚያ ወዲህ ለብሪታንያዊ «ጋስ» ማለት በቧንቧ መጥቶ ቤቱን የሚያበራለት፣ ኋላም ምግቡን የሚያበስልለት ነገር ሆነ። ከ1967 እስከ 1977 እ.ኤ.አ. አገሪቱ ከድንጋይ ከሰል ጋዝ ወደ ተፈጥሮ ጋዝ ስትዞር በቧንቧው ውስጥ ያለው ነገር ተለወጠ፤ ስሙ ግን አልተለወጠም።

አሜሪካ ውስጥ ታሪኩ ሌላ ነው። «ጋዞሊን» የተባለው ስም በ1860ዎቹ እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ ይታይ ጀመር፤ አውቶሞቢል ሲስፋፋ ተናጋሪው አሳጥሮ «ጋስ» አለው። በዚህም በሳይንስ ዐይን ፈሳሽ የሆነ ነገር የጋዝ ስም ያዘ። ብሪታንያ ደግሞ ለዚሁ ፈሳሽ «ፔትሮል» የሚለውን ስም መረጠች። ስለዚህ «ጋሱን ዝጋው» የሚል የለንደን ሰው የምድጃውን ቧንቧ ያስባል፤ «ጋስ አለቀብኝ» የሚል የቺካጎ ሰው መኪናው መንገድ ላይ ቆማበታለች። ይሁንና አሜሪካዊውም ማድቤቱ ውስጥ «የጋስ ምድጃ» ሲል በቧንቧ የሚመጣውን ማለቱ ነው። አገሩን ማወቅ ብቻውን አይበቃም።

የእኛስ «ጋዝ»? በድምፁ ከእንግሊዝኛው ይልቅ ለፈረንሳይኛውና ለዐረብኛው ይቀርባል፤ በፍቺው ደግሞ የራሱን መንገድ ሄዷል። ለላምባ «ጋዝ»፣ በሲሊንደር ለሚመጣው «ቡታጋዝ»፣ ለመኪና «ቤንዚን» ወይም «ናፍጣ» እንላለን። ዋሽንግተን የሚኖር ኢትዮጵያዊ ግን በአካባቢው ልማድ «ጋዝ ልቀዳ ነው» ቢል፣ አገር ቤት ያሉት እናቱ ኩራዝ ሊታያቸው ይችላል። አማርኛው አንድ ሲሆን ነዳጁ ሁለት ነው። የተገላቢጦሹም አለ፤ «የጋዝ ምድጃ» የሚለውን ቃል በቃል ወደ እንግሊዝኛ የመለሰ ሰው የላምባውን ምድጃ የቧንቧ ምድጃ አደረገው።

እንዲህ ያለ መዘዋወር በዚህ ቃል ብቻ የሚታይ አይደለም። «ፓራፊን» በብሪታንያና በደቡብ አፍሪካ ላምባ ሲሆን፣ በአሜሪካ ሻማ የሚሠራበት ሰም ነው። እኛ ናፍጣ የምንለውን ስም የሚመስለው «ናፍታ» በአርጀንቲና ቤንዚን ማለት ነው። የነዳጅ ስም በየአገሩ የሚከተለው የነገሩን ባሕርይ ሳይሆን፣ ሕዝቡ በዕለት ኑሮው የሚያነደውን ነው።

ተርጓሚ እንግዲህ ሦስት ጥያቄዎችን ይጠይቅ። ጽሑፉ የየት አገር ነው? የየትኛው ዘመን ነው? ከቃሉ ጋር የቆመው ግሥ የትኛው ነው? የሚቀዳና የሚሞላ ከሆነ ፈሳሽ መሆኑን፣ የሚከፈትና የሚዘጋ ከሆነ በቧንቧ ወይም በሲሊንደር የሚመጣ መሆኑን እንጠርጥር። ግሡም ቢሆን ብቻውን ዳኛ አይሆንም፤ ሲሊንደርም ይሞላልና። ጥርጣሬ ከቀረ «ጋዝ» በሚለው ቃል አንደበቅ፤ «ቤንዚን»፣ «ላምባ»፣ «የተፈጥሮ ጋዝ» እያልን ነገሩን በስሙ እንጥራው።

መዝገበ ቃላት ለምታዘጋጁም አንድ አደራ አለኝ። በ«ጋስ» ትይዩ «ጋዝ» ብሎ ማለፍ መተርጎም አይደለም፤ ድምፅን ማሻገር ነው። እያንዳንዱ ፍቺ ከአገሩና ከዘመኑ ጋር ይጻፍ። በዕቃው ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቦ ክብሪት የሚጭረው ሰው የሚተማመነው በእኛ ቃል ነውና።