ጠግቦ ነው ወይስ ታሞ?

ቅዳሜ አመሻሽ ወሎ፣ መካነ ሰላም ላይ ብርዱ ሲበረታ ዲኤስቲቪ ቤቶቹ ይሞላሉ። አግዳሚ ላይ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግቶ፣ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ የተቀመጠው ሁሉ ፈራጅ ነው። በ2015 ዓ.ም. የቶተንሃሙ ሪቻርልሰን ኳስ በሳተ ቁጥር ከኋላዬ «ጠግቧል እኮ!» የሚል ድምፅ ይመጣ ነበር። ሌላው ይቀበላል፦ «ዓይነ ጥላ ነው፤ ሰው በልቶታል።» እኔም አብሬ ስቄአለሁ። ያ ሳቅ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ልጁ ታሞ ነበርና። በኳታሩ የዓለም ዋንጫ ሰርቢያ ላይ በመቀስ ምት ያስቆጠራት ጎል የውድድሩ ምርጥ ተብላ ተመርጣለች። በዚያው የውድድር ዘመን በፕሪሚየር ሊጉ ያገባው ግን 1 ጎል ብቻ ነው። በጳጉሜን 2015 ብራዚል ቦሊቪያን 5 ለ 1 በረታችበት ጨዋታ ተቀይሮ ወጣና ተጠባባቂ ወንበር ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። ከቀናት በኋላ የሥነ ልቦና ባለሙያ እንደሚያማክር ተናገረ። በመጋቢት 2016 ደግሞ ከዓለም ዋንጫው በኋላ ድባቴ ውስጥ ገብቶ እንደነበር፣ ለአባቱም «መተው እፈልጋለሁ» እስከማለት ደርሶ እንደነበር ገለጠ።

«ጠግቧል» የሚለው ፍርድ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ወሎ የ1966ንና የ1977ን ረሃብ ያየ አገር ነው፤ እንዲህ ባለ አገር ጥጋብ የጥፋት ሁሉ ምንጭ ተደርጎ ቢታይ አይገርምም። «ይህን ሁሉ ብር እየበላ ምን ያስጨንቀዋል?» የሚለውም ከዚያው ይወለዳል። ድባቴ ግን የደመወዝ መዝገብ አያይም። የዓለም ተጫዋቾች ማኅበር ፊፍፕሮ እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ጥናት ከተጠየቁት 607 ተጫዋቾች 38 በመቶው የድባቴ ወይም የጭንቀት ምልክት እንዳለባቸው ተናግረዋል። ምልክት ማለት በሐኪም የተረጋገጠ ሕመም ማለት እንዳልሆነ ልብ ይባል። ሦስትና ከዚያ በላይ ከባድ ጉዳት የደረሰባቸው ደግሞ ለችግሩ የመጋለጥ ዕድላቸው ከሌሎቹ ከ2 እስከ 4 እጥፍ ይበልጥ ነበር።

ዓይነ ጥላስ? ስሙን ያወጡለት ሰዎች ያዩት ነገር እውነት ነው። ትናንት የነካው ሁሉ ይሳካለት የነበረ ሰው ዛሬ ሁሉም ሲከለከለው ይታያል። ስህተቱ ምክንያቱ ላይ ነው። በልምምድ ብዛት እግር ሳያስብ የሚሠራውን ሥራ፣ የተጨነቀ ተጫዋች በሐሳቡ ሊመራው ይሞክራል። «በውስጥ እግሬ ልምታ ወይስ በላይኛው?» እያለ ሲያመነታ ተከላካዩ ደርሷል። እንቅልፍ ሲያጣ ውሳኔው ይዘገያል፣ ሰውነቱም ከድካም ቶሎ አያገግምም።

ለዚህ ከኳስ ሜዳ ውጭ ያለ የራሳችን ምስክር አለን። ታኅሣሥ 26 ቀን 1997 ዓ.ም. የቀነኒሳ በቀለ እጮኛ፣ አትሌት ዓለም ተቻለ፣ አብራው ልምምድ ስትሠራ ወድቃ ሞተች። 18 ዓመቷ ነበር። በቀጣዩ ወር በጥር ቀነኒሳ ቦስተን ላይ በ3,000 ሜትር የቤት ውስጥ ውድድር ተሰለፈ። ዙር ተሳሳተና የመጨረሻ ፍጥነቱን ያለ ጊዜው አወጣ፤ ተሸነፈም። እግሩ ፈጣን ነበር፤ ቁጥሩ ነው የጠፋበት። በየካቲትም በርሚንግሃም ላይ በማርቆስ ገነቲ ተቀደመ። በመጋቢት ግን ፈረንሳይ ውስጥ የዓለም አገር አቋራጭን አጭሩንም ረጅሙንም አሸነፈ፤ ነሐሴ 20 ቀን ብራስልስ ላይ የ10,000 ሜትር ክብረ ወሰንን በ26 ደቂቃ ከ17.53 ሰከንድ ሰበረ።

ይህን ታሪክ «ጀግና በራሱ ይወጣዋል» ለሚል ተረት ማስረጃ የሚያደርጉት አሉ። እኔ አልስማማም። ሐዘን በራሱ ሕመም አይደለም፤ እየተመላለሰም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ እየቀለለ ይሄዳል። ድባቴ ግን ቢያንስ ለሁለት ሳምንት፣ ቀኑን ሙሉ ለማለት ይቻላል፣ ስሜትን ያጨልማል ወይም ደስታን ይወስዳል። እንቅልፍ፣ የምግብ ፍላጎት፣ ጉልበትና ትኩረት አብረውት ይሄዳሉ። ሰውየው ራሱን ጥፋተኛ ሊያደርግ፣ ሞትንም ሊያስብ ይችላል። ይህን ሰው «ጠንክር» ማለት እግሩ የተሰበረን «ሩጥ» እንደማለት ነው።

ከሁሉ የሚከፋው «ጨዋታው ካማረ ጤነኛ ነው» የሚለው ይመስለኛል። የጀርመኑ በረኛ ሮበርት ኤንከ ሕመሙን ለዓመታት ከሕዝብ ደብቆ ኖረ። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 8 ቀን 2009 ለሃኖቨር ተሰልፎ ተጫወተ፤ ከሁለት ቀን በኋላ ሕይወቱን አጠፋ። 32 ዓመቱ ነበር። ተመልካች ከአቋሙ ምንም ሊያነብ አይችልም ነበር። በአንጻሩ የወረደ አቋም ሁሉ የአእምሮ ጉዳይ አይደለም፤ ሪቻርልሰን ራሱ በዚያው ወቅት የብሽሽት ቀዶ ሕክምና አድርጓል። ሐኪም ሁለቱንም ነው የሚያየው።

ስለ እምነት ደግሞ ልናገር። ወሎ ውስጥ ወዳጃ ተቀምጦ፣ ቡና ተፈልቶ ለተቸገረ ሰው ዱዓ ሲደረግ አይቻለሁ፤ ክርስቲያኑም ጸበል ይወስደዋል። የተጨነቀ ሰው ብቻውን አለመሆኑ ትልቅ ነገር ነው። ተረቱ የሚጀምረው «ይህን ከያዝክ መድኃኒቱን ተው» ሲባል ነው። የድባቴ መድኃኒት ለውጡ የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ነው፤ ያለ ሐኪም ምክር ሲቋረጥ ሕመሙ ሊመለስ ይችላል። «ሱስ ያስይዛል» የሚባለውም ልክ አይደለም። የአዲስ አበባውን የአእምሮ ሆስፒታል አማኑኤልንም ስድብ ያደረግነው እኛ ነን። ድባቴን ለማከም የግድ አዲስ አበባ መውረድ አያስፈልግም፤ የሠለጠነ ነርስ ወይም ጤና መኮንን ሕክምናውን ሊጀምር ይችላል።

እኛ ሜዳ ላይ አንድ የመስመር አጥቂ ነበር። ልምምድ ከመጀመሩ በፊት የጫማውን ክር ያስራል፣ ይፈታል፣ ደግሞ ያስራል። ኳስ ሲመጣለት ፊቱን ያዞራል። ቡድኑ «ኮርቷል» ብሎ ተወው። አንድ ቀን አሠልጣኙ አጠገቡ ሣሩ ላይ ተቀመጠና ስለ ኳስ ምንም ሳያነሣ፣ «ወንድሜ፣ ሌሊት ትተኛለህ?» አለው። ልጁ ክሩን እንደያዘ ቆየ። «ከገና ወዲህ አልተኛሁም» አለ። ወሩ የካቲት ነበር። ሰኞ ጠዋት አሠልጣኙ ራሱ ይዞት ሆስፒታል ሄደ፤ ወረፋውንም አብሮት ጠበቀ።