ሜኖናይት መሆን ለምን ጊዜ ይወስዳል?

እሑድ እሑድ እየሄዱ መዘመር አንድ ነገር ነው፤ አባል መሆን ሌላ። በኢትዮጵያዋ መሠረተ ክርስቶስም ሆነ በሌሎች የሜኖናይት አብያተ ክርስቲያናት፣ ያመነ ሰው በማግሥቱ የአባላት መዝገብ ላይ አይሰፍርም። የጥምቀት ትምህርት ይከታተላል፣ ሽማግሌዎች ስለ እምነቱና ስለ አኗኗሩ ይጠይቁታል፣ በምእመናን ፊት ይመሰክራል፣ ከዚያ ይጠመቃል። የአማኞች ልጅም ቢሆን የወላጆቹን አባልነት አይወርስም። ይህን ሁሉ አላስፈላጊ ውጣ ውረድ የሚሉ አሉ። በእኔ እይታ ግን የቤተ ክርስቲያኒቱ ዋና ሐሳብ ያለው እዚሁ ላይ ነው፤ እምቢ ማለት የማይችል ሰው እሺ ማለቱ አይታወቅለትም።

ሐሳቡ ሲጀመር ደም አስከፍሏል። እ.ኤ.አ. በጥር 1525 ዙሪክ ውስጥ ኮንራድ ግሬበል ጆርጅ ብላውሮክን ሲያጠምቅ ሁለቱም በሕፃንነታቸው የተጠመቁ ሰዎች ነበሩ። በዚያ ዘመን ጥምቀት ሰውን ከቤተ ክርስቲያኑ ጋር ብቻ ሳይሆን ከከተማውም ጋር ያስተሳስር ስለነበር የከተማው ምክር ቤት ነገሩን እንደ ዐመፅ ቆጠረው። ባልንጀራቸውን ፌሊክስ ማንዝንም በ1527 ሊማት ወንዝ ውስጥ አሰጥሞ ገደለው። እንቅስቃሴው ስሙን የወሰደው ሜኖ ሲሞንስ ክህነቱን የተወው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ በ1536 ነው።

ለኢትዮጵያ አንባቢ ግን የቅርቡ ማስረጃ ይበልጣል። በጥር 1974 ዓ.ም. ደርግ መሠረተ ክርስቶስን ዘጋ፤ ሕንፃዎቿን ወረሰ፣ መሪዎቿን አሰረ። ያኔ አባላቷ 5,000 ገደማ ነበሩ። በ1983 ዓ.ም. በሩ ሲከፈት ወደ 34,000 ደርሰው ተገኙ። በመካከሉ ያለፉት ዓመታት ጥቂት ጥቂት ሰዎች በየቤቱ በሹክሹክታ የሚጸልዩባቸው፣ ብዙ ሴቶች አገልግሎቱን የተሸከሙባቸው፣ አዲስ ሰው ጆሮ ጠቢ አለመሆኑ ሳይረጋገጥ የማይገባባቸው ነበሩ። እርግጥ ነው፣ ሜኖናይት ያልሆነችው ሙሉ ወንጌል ቤተ ክርስቲያንም ተዘግታ ተርፋለች፤ ስለዚህ ዕድገቱን ሁሉ ለሜኖናይት ሥርዓት መስጠት አይቻልም። ስደቱ ነው ያሳደጋት የሚለው መልስ ግን አይበቃም። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የጃፓንን ክርስትና ስደት ከሞላ ጎደል አጥፍቶታልና። ሕንፃውና መሪው ሲወሰዱ የሚቀረው ምእመኑ ነው፤ ምእመኑ ቀድሞ ከተማረና ከተጠየቀ በራሱ ሳሎን ሌላውን ማስተማር ይችላል።

ከመጽሐፍ ቅዱስ የሚነሣው ተቃውሞ የእኛኑ ሰው ይጠቅሳል፤ ጃንደረባው መንገድ ላይ ውኃ ባየበት ቅጽበት ተጠምቋል። እውነት ነው። ይሁን እንጂ ለመስገድ ኢየሩሳሌም ደርሶ፣ ኢሳይያስን እያነበበ የሚመለስ ሰው ነበር፤ ጥያቄውንም ራሱ ነው ያነሣው። በ40 እና በ80 ቀን ለሚያጠምቁ ኦርቶዶክሳውያን ደግሞ ጥምቀት አንዲት ናት፣ አትደገምም። ሜኖናይቶች ደገምን አይሉም፤ ለእነሱ የመጀመሪያው የአዋቂው ጥምቀት ነው። ይህ ልዩነት የእውነት ነው፣ በጨዋነት ከመነጋገር በቀር አቋራጭ የለውም።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ የሚመጣው ከሜኖናይቶች ከራሳቸው ታሪክ ነው። በሜክሲኮና በፓራጓይ ባሉ ወግ አጥባቂ መንደሮቻቸው ወጣቱ ማግባት ሲፈልግ ይጠመቃል፤ ሳይጠመቅ በቤተ ክርስቲያን አይጋባምና። ስለዚህ ቀደምቶቻቸው ምርጫ ነው ብለው የሞቱለት ነገር ከትውልዶች በኋላ እንደ ዕድሜ ደረጃ የሚታለፍ ልማድ ሆነ። መሠረተ ክርስቶስም ዛሬ የምእመናን የልጅ ልጆች የሚማሩባት ሆናለች፤ እኩዮቹ ስለተመዘገቡ ብቻ የሚመዘገብ ልጅ እዚህም ይኖራል። ትምህርቱን ማስረዘም ይህን አይፈታም። ይልቅ መታየት ያለበት፣ ትምህርቱን ጨርሶ «ገና ነኝ» ያለ ወጣት በሚቀጥለው እሑድ ከመዘምራኑና ከቤተሰቡ የሚያገኘው ፊት ነው።