እንግሊዝ ሰጠችን ስለሚባለው ነፃነትና አንድነት፦ ተረትና እውነታ

ከቡሬ እስከ ደምበጫ ባለው የዳሞት ምድር፣ በሰንበቴም ሆነ በለቅሶ ቤት፣ የጣሊያን ዘመን ነገር በተነሣ ቍጥር እርስ በርሳቸው የማይስማሙ ሁለት ቃላት ይሰማሉ፤ አንደኛው «አገራችንን ነፃ ያወጣት እንግሊዝ ነው» የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው «እንግሊዝ ምንም ሳይደክም መጥቶ የአርበኛውን ድል ቀማ» የሚል ነው። በትምህርት ቤት ያለፉት ደግሞ ሦስተኛ ይጨምራሉ፤ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛቶች አስቀድመው ነፃ ወጥተው ኋላ እንደ ተዋሐዱ፣ ኤርትራም እንዲሁ እንግሊዞች በለቀቁ ዕለት ከኢትዮጵያ ጋር እንደ ተቀላቀለች ይናገራሉ። ሦስቱም ከእውነት ጥቂት ጥቂት ስለ ያዙ ሥር ሰደዋል፤ ፈጽሞ ሐሰት የሆነ ነገርማ ይህን ያህል ዕድሜ ባላገኘም ነበር።

በነሐሴ 1932 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መኮንን ኮሎኔል ሳንፎርድ የመልእክት ቡድን ይዞ የሱዳንን ድንበር ተሻግሮ ጎጃም ሲገባ ያገኘው፣ አዳኝ የሚጠባበቅ ባዶ አገር ሳይሆን፣ ጠላት ከምሽጉና ከዋናው መንገድ ርቆ መሄድ ያስፈራው፣ ገጠሩም እንደ ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬና እንደ ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ ባሉ አርበኞች እጅ የነበረ አገር ነው። ከተልእኮው ጋር የነበሩት የንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ አዛዥ ከበደ ተሰማም ከአርበኞቹ ጋር ይመክሩ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ የአገራቸውን መሬት ከረገጡ በኋላ፣ ዊንጌት የተባለው የእንግሊዝ መኮንን በመጽሐፈ መሳፍንት በሚነገረው መስፍን ስም «ጌዴዎን» ብሎ የሰየመውን ጭፍራ ይዞ ወደ ቡሬ ገሠገሠ፤ ስሙን ያለ ምክንያት አልመረጠውም፣ ጭፍራው አንድ የሱዳንና አንድ የኢትዮጵያ ሻለቃ ብቻ ስለ ነበረ፣ ዕቃ የጫኑት ግመሎችም አብዛኞቹ በመንገድ ስላለቁ፣ በብዛቱ የሚመካ አልነበረም። በአንጻሩ በቡሬ ምሽግ የነበረው የጣሊያኑ ኮሎኔል ናታሌ ሠራዊት በብዙ ሺህ የሚቈጠር ነበር። ሆኖም ዊንጌት የማንኩሳን ምሽግ ከመታ በኋላ፣ ናታሌ የጠላቱን ብዛት ከእውነቱ አብልጦ ስለ ገመተና ወደ ደብረ ማርቆስ የሚወስደው መንገድ እንዳይቈረጥበት ስለ ሰጋ፣ የካቲት 25 ቀን ቡሬን ለቅቆ፣ ዛሬ ፍኖተ ሰላም በምትባለው፣ ያን ጊዜ ወጀት በነበረችው ሥፍራ በኩል ወደ ደምበጫ ሸሸ። በደምበጫ አጠገብ ያ የኢትዮጵያ ሻለቃ በሚሸሸው ሠራዊት መንገድ ላይ ተገኝቶ ብርቱ ጉዳት ደርሶበታል፤ ይህንንም ዛሬ የሚያስታውሰው ጥቂት ነው።

እንግዲህ እንግሊዞች አውሮፕላን፣ ጥይት፣ የማሪያ ቴሬዛ ብርና የታወቁ መኮንኖች አመጡ፤ አገሬው ደግሞ ሰው፣ እህል፣ ወሬና ጠላትን ዕረፍት የነሣ የብዙ ዓመት ተጋድሎ ሰጠ። አንዱ ያለ ሌላው ቡሬን በዚያ ወር ባላገኘም ነበር፤ ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቃላት ሁለቱንም ጐደሎ ናቸው ብዬ እፈርዳለሁ።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስተው ግን፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ በገቡ ዕለት ነገሩ ሁሉ አለቀ ብሎ ማሰብ ነው። እንግሊዞች አገሪቱን ቅኝ ግዛት ባያደርጓትም፣ ከጠላት እጅ የተያዘ ምድር ነው በማለት በጦር ሹማምንት አስተዳደር ሥር ሊያቈዩአት ወደዱ፤ ጥር 23 ቀን 1934 ዓ.ም. የተፈረመው ስምምነት መንግሥቱን ነፃ ብሎ ቢያውቀውም፣ የእንግሊዝ አማካሪዎችንና ዳኞችን አስገባ፣ መልእክተኛቸውንም ከሌሎች መንግሥታት መልእክተኞች ሁሉ አስቀደመ። ለመንግሥቱም ወጪ እንግሊዞች ለመጀመሪያው ዓመት 1.5 ሚሊዮን፣ ለሁለተኛው 1 ሚሊዮን ፓውንድ እንዲሰጡ ተስማሙ፤ በገበያውም የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ይዘዋወር ነበር። ታኅሣሥ 10 ቀን 1937 ዓ.ም. ሁለተኛው ስምምነት አብዛኛውን ማሰሪያ ፈታ፣ በዚያው ዓመትም አገሪቱ የራሷን ገንዘብ አወጣች፤ ነገር ግን ኦጋዴንና ሐውድ በእንግሊዞች እጅ ቀሩ፣ የሐውድም አስተዳደር በሙሉ የተመለሰው በ1947 ዓ.ም. ነው። ከቡሬ ነፃ መውጣት እስከዚህ ዐሥራ አራት ዓመት ያህል አለ።

ወደ ሦስተኛው ቃል ስንመለስ፣ በእንግሊዝ ሥር የነበሩ አገሮች ነፃነትን አስቀድመው አንድነትን አስከትለዋል የሚባለው በብዙ ሥፍራ ተገልብጦ እናገኘዋለን። የካናዳ አውራጃዎች እ.ኤ.አ. በ1867፣ ስድስቱ የአውስትራሊያ ቅኝ ግዛቶች በ1901፣ አራቱ የደቡብ አፍሪካ ቅኝ ግዛቶችም በ1910 ሲዋሐዱ ሙሉ ነፃነት አልነበራቸውም፤ አስቀድመው በየራሳቸው ምክር ቤት የውስጥ አስተዳደራቸውን ይመሩ ነበርና ተዋሕዶው ከዚያ ተከተለ፣ የለንደን ምክር ቤትም የሕግ የበላይነቱን ለእነዚህ መንግሥታት የለቀቀው በ1931 ባወጣው ሕግ ነው። (ኒውፋውንድላንድ ካናዳን የተቀላቀለችው በ1949 ነው፤ አልቸኰለችም።) የተለመደውን ቅደም ተከተል የምትመስለው ጎረቤታችን ሶማሊያ ናት፤ በእንግሊዝ ሥር የነበረው ክፍል እ.ኤ.አ. ሰኔ 26 ቀን 1960 ነፃ ወጥቶ፣ በአምስት ቀን ውስጥ በጣሊያን ሞግዚትነት ከነበረው ክፍል ጋር ተዋሐደ።

ኤርትራ የምትመስለው ከእነዚህ የፊተኞቹን ነው። እንግሊዞች በ1933 ዓ.ም. አሥመራን ከጣሊያን ይዘው እስከ 1945 ዓ.ም. አስተዳደሩአት እንጂ ርስታቸው አላደረጓትም፤ ወደፊት ለማን እንደምትሰጥ የወሰነው ለንደን ሳይሆን የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ነው። እንዲያውም እንግሊዝና ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ1949 ምዕራቡን ወደ ሱዳን ከፍለው የቀረውን ለኢትዮጵያ ለመስጠት ያቀረቡት ዕቅድ በጉባኤው ፊት ወደቀ። ኅዳር 23 ቀን 1943 ዓ.ም. በ46 ድምፅ የጸደቀው ውሳኔ፣ ኤርትራ በኢትዮጵያ ዘውድ ሥር በፌዴሬሽን የተያያዘች፣ የራሷ ሕገ መንግሥትና የራሷ ምክር ቤት ያላት ክፍል ትሁን አለ። በተባበሩት መንግሥታት ኮሚሽነር በአንዜ ማቲየንሶ አማካይነት ሕገ መንግሥቱ ተዘጋጀ፤ 68 አባላት ያሉት ምክር ቤት ተመርጦም መረመረው፤ ከዚህ በኋላ ብቻ እንግሊዞች በመስከረም 1945 ዓ.ም. ለቀው ወጡ። አቶ ተድላ ባይሩም የመጀመሪያው ዋና አስተዳዳሪ ሆኑ። ስለዚህ ራስን ማስተዳደር፣ ተዋሕዶና የእንግሊዝ መውጣት በአንድ ጊዜ ገደማ ተፈጸሙ፤ በአንድ ሌሊት ግን አልተከናወኑም።

ፌዴሬሽንን ከፍጹም ውህደት ጋር አንድ አድርጎ መናገርም ሌላው ስሕተት ነው። በ1945 ዓ.ም. የነበረው የኤርትራ ምክር ቤት ሥልጣን እየጠበበ ሄዶ፣ ኅዳር 5 ቀን 1955 ዓ.ም. ፌዴሬሽኑ ፈረሰ፣ ኤርትራም እንደ ሌሎቹ ጠቅላይ ግዛቶች ሆነች፤ የትጥቅ ትግሉ ግን አስቀድሞ በ1953 ዓ.ም. መጨረሻ ተጀምሮ ነበር። እንደ እኔ ፍርድ ያንን አንድነት ያዳከመው በተባበሩት መንግሥታት አማካይነት የተዘጋጀው ሕገ መንግሥት አይደለም፣ ቃል ኪዳኑን ሳይጠብቁ ያፈረሱት እጆች ናቸው፤ ኤርትራም በ1985 ዓ.ም. በሕዝብ ድምፅ ነፃ መንግሥት ሆነች።