የመጀመሪያ ዲቴክተር፦ ከመሣሪያው ዋጋ በፊት የመሬቱ ሂሳብ

በመሬት ውስጥ የተቀበረ ብረታ ብረት የሚጠቁመው መሣሪያ፣ በተለምዶ ዲቴክተር የሚባለው፣ በዓለም ገበያ ከ200 የአሜሪካ ዶላር እስከ ብዙ ሺህ ዶላር ይሸጣል። የዋጋው ልዩነት ይህን ያህል ሰፊ በመሆኑ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገዛ ሰው ሁለት ዓይነት ስህተት ይፈጽማል። አንዱ በርካሹ ተታሎ መጫወቻ ይዞ ይመለሳል። ሌላው «ውድ ነገር አያታልልም» ብሎ ለመሬቱ የማይሆን መሣሪያ በሺዎች ዶላር ይሸምታል። ሁለቱም የዘነጉት አንድ ጥያቄ አለ፦ የሚፈለገው ምንድን ነው፣ የሚፈለገውስ በማን መሬት ላይ ነው?

በቤተሰብ መሬት ላይ የቀድሞ ዘመን ዕቃ መፈለግ እንደ እንግሊዝ የተስፋፋበት ሀገር ጥቂት ነው። እዚያ አራሹም፣ ጡረተኛውም፣ የአራሹ ልጅም ከአዝመራ በኋላ ማሳ ውስጥ እየዞሩ የጥንት ሳንቲም፣ የልብስ አዝራርና የቀበቶ ዘለበት ይለቅማሉ። የታሪክ ቅርሶችን የሚመዘግበው የሀገሪቱ ፕሮግራም ከተጀመረበት ከ1997 እ.ኤ.አ. ወዲህ ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ዕቃዎችን መዝግቧል። ከእነዚህ አብዛኞቹን ያገኙት ዲቴክተር የያዙ ተራ ዜጎች ናቸው።

በዚህ ገበያ ዘወትር የሚጠቀሰው ምሳሌ በኅዳር 1992 እ.ኤ.አ. በሳፎክ ክፍለ ሀገር ሆክስን በተባለ መንደር የሆነው ነው። ፒተር ዋትሊንግ የተባሉ ገበሬ መዶሻ ጠፋባቸውና ወዳጃቸው ኤሪክ ሎውስ በዲቴክተራቸው እንዲፈልጉላቸው ጠየቁ። ጡረተኛው ሎውስ ማሳው ውስጥ ሲዞሩ ከሮማውያን ዘመን የቀረ ወደ 15,000 የሚጠጋ ሳንቲምና የወርቅና የብር ጌጥና ዕቃ አገኙ። ሎውስ ሁሉንም ቆፍረው አላወጡትም። ወዲያው ለባለሥልጣን አሳወቁ፤ የጥንት ታሪክ ባለሙያዎችም ተረክበው በሥርዓት አወጡት። ግምቱ 1.75 ሚሊዮን ፓውንድ ሆነ። ሎውስ የተሰጣቸውን ሽልማት ለገበሬው አካፈሉ። የጠፋው መዶሻም ተገኝቶ ዛሬ በብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛል።

ከዚህ ታሪክ ነጋዴው ሊይዘው የሚገባው ቁም ነገር ግልጽ ነው። ትርፉን ያመጣው የመሣሪያው ውድነት አልነበረም። መሬቱ፣ ፈቃዱና በወቅቱ ማሳወቁ ነው።

መሣሪያው እንዴት ይሠራል?

ለጀማሪ የሚሸጡት አብዛኞቹ ቪ.ኤል.ኤፍ. በሚባለው ዘዴ ይሠራሉ። በመሣሪያው ጫፍ ያለው ክብ ሳህን በውስጡ የሽቦ ጥቅል አለው። ሽቦው በሰከንድ በሺህ የሚቆጠር ጊዜ የሚለዋወጥ የማግኔት መስክ ወደ መሬት ይልካል። መስኩ ብረት ሲያገኝ በብረቱ ላይ አነስተኛ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል፤ ያም የራሱን መስክ መልሶ ይልካል። መሣሪያው የተመለሰውን ከተላከው ጋር አስተያይቶ ድምፅ ያሰማል፣ በመስታወቱም ላይ ቁጥር ያሳያል።

ቁጥሩ የዕቃውን ስም አይናገርም። የሚናገረው ዕቃው ኤሌክትሪክ ምን ያህል እንደሚያሳልፍና መጠኑ ምን ያህል እንደሆነ ነው። ለምሳሌ 28 ግራም የሚመዝነው ጠገራ ብር፣ ማርትሬዛ የሚባለው፣ ትልቅና ብር የበዛበት በመሆኑ ከፍተኛ ቁጥር ይሰጣል። ቀጭን የወርቅ ቀለበት ግን ዝቅተኛ ወይም መካከለኛ ቁጥር ይሰጣል። የጣሳ ቢራ መክፈቻ ቀለበትና የሲጋራ ፓኮ ብልጭልጭ ወረቀትም እዚያው ሰፈር ያሉ ናቸው። ስለዚህ ቆሻሻ እንዳያስቸግረው ብሎ መካከለኛውን ቁጥር የሚዘጋ ገዢ ወርቁንም አብሮ ይዘጋዋል። ሻጮች «ብረቱን ለይቶ ይነግራል» ሲሉ ይህንን አይጨምሩም።

ሁለተኛው ዘዴ ፐልስ ኢንዳክሽን ይባላል። ኃይሉን በምት በምት እየላከ በምቶቹ መካከል ያዳምጣል። ማዕድን በበዛበት ቀይ አፈርና በባሕር ዳር ጨዋማ አሸዋ ላይ ከመጀመሪያው ዓይነት ይሻላል፣ ጠልቆም ይደርሳል። ጉድለቱ ሚስማሩን ከሳንቲሙ ለመለየት ደካማ መሆኑ ነው። አሮጌ ቤት በነበረበት ግቢ እንዲህ ያለውን ይዞ የገባ ሰው ቀኑን ሙሉ ሚስማርና የፈረስ ጫማ ሲቆፍር ይውላል። ወርቅ ፈላጊዎች የሚወዱት መሣሪያ ለቤተሰብ ማሳ የማይመከረው በዚህ ምክንያት ነው።

ለጀማሪ የሚበጀው

አንደኛ፣ ፍሪኩዌንሲ። ዝቅተኛው ለትልልቅ የብር ዕቃዎች፣ ከፍተኛው ለጥቃቅን ወርቅና ለቀጫጭን ሳንቲሞች ይስማማል። ቀድሞ ገዢው አንዱን መርጦ ሌላውን ይተው ነበር። አሁን በአንድ ጊዜ በብዙ ፍሪኩዌንሲ የሚሠሩ መሣሪያዎች ከ200 እስከ 400 ዶላር ባለው ክልል ስለገቡ ምርጫው ቀሏል። የአውስትራሊያው ሚንላብና የቱርኩ ኖክታ በዚህ ዋጋ ይወዳደራሉ። የአሜሪካው ጋሬትም በጀማሪዎች ዘንድ የቆየ ስም አለው። የፈረንሳዩ ኤክስፒ ከ1,000 ዶላር በላይ ባለው ክልል ይታወቃል።

ሁለተኛ፣ ከአፈሩ ጋር የሚስተካከልበት ቁልፍ። አፈር ራሱ የብረት ማዕድን ስላለው መሣሪያውን ያስጮኸዋል። ይህን ድምፅ የሚያጠፋ ማስተካከያ የሌለው መሣሪያ ምንም ቢረክስ አይገዛም።

ሦስተኛ፣ የሳህኑ ስፋት። ሰፊው ጠልቆ ያያል፤ ነገር ግን ሚስማርና ሳንቲም ጎን ለጎን ሲሆኑ ያምታታል። ጠባቡ ተቃራኒው ነው። ለክፍት ማሳ ከ25 እስከ 28 ሴንቲ ሜትር ያለው፣ ለፈረሰ ቤት አካባቢ ደግሞ ከዚያ ያነሰ ይመረጣል።

አራተኛ፣ ተረፈ ወጪ። ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ዕቃው ያለበትን ነጥብ የሚያሳይ በእጅ የሚያዝ ትንሽ ጠቋሚ፣ ጠንካራ አካፋና የጆሮ ማዳመጫ የግድ ናቸው። 400 ዶላር የያዘ ገዢ ሁሉንም በመሣሪያው ላይ ከሚያፈስ፣ ሩብ ያህሉን ለእነዚህ ቢያስቀር ያዋጣዋል።

ስለ ጥልቀት የሚወራውን በልኩ ማየት ያስፈልጋል። ደህና የጀማሪ መሣሪያ አንድ ሳንቲም የሚያገኘው ከ15 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ባለው ውስጥ ነው። ገዢው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት የታወቀ ሳንቲም፣ ሚስማርና ቆርኪ በ10፣ በ15 እና በ20 ሴንቲ ሜትር ቀብሮ መሞከር አለበት። በጠረጴዛ ላይ የሚደረግ ሙከራ የአፈሩን ጠባይ አያሳይም።

«ከሩቅ ያያል» የሚባለው

የገበያው ትልቁ አደጋ ከዚህ በኋላ ይመጣል። ወርቅን በመቶ ሜትሮች ርቀት ይጠቁማል የሚባል፣ አንቴና የተሰካበት እጀታ በየጊዜው ለገዢ ይቀርባል። እንዲህ ያለውን ነገር የሚደግፍ የፊዚክስ ሕግ የለም። ጀምስ ማኮርሚክ የተባለው እንግሊዛዊ ነጋዴ 20 ዶላር አካባቢ የሚያወጣ የጎልፍ ኳስ ማፈላለጊያ መጫወቻን መነሻ አድርጎ፣ ፈንጂ ይጠቁማል ያለውን እጀታ ለኢራቅና ለሌሎች መንግሥታት በሺዎች ዶላር ሸጧል። በ2013 እ.ኤ.አ. በለንደን ፍርድ ቤት በማጭበርበር ጥፋተኛ ተብሎ 10 ዓመት እስራት ተፈርዶበታል። መንግሥት ከተታለለ ግለሰብ ምን ያህል ሊታለል እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

ሐሰተኛ ምርትም ሌላው ጉዳይ ነው። ሚንላብ ስሙን የለጠፉ አስመሳይ መሣሪያዎች በአፍሪካ ገበያ እንደሚዘዋወሩ አስጠንቅቋል። ስለዚህ ተከታታይ ቁጥሩን ከኩባንያው ጋር ሳያመሳክሩ መክፈል፣ በተለይ በደላላ በኩል፣ አይመከርም።

መሬቱ የማን ነው?

በእንግሊዝ ሕግ በመሬት ውስጥ የተገኘ ተራ ዕቃ በመሠረቱ የባለመሬቱ ነው። ከ300 ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው የወርቅና የብር ዕቃ ግን በ1996ቱ ሕግ መሠረት በ14 ቀን ውስጥ ኮሮነር ለሚባለው ባለሥልጣን መነገር አለበት። ሙዚየም ከፈለገው ዋጋው በገምጋሚ ኮሚቴ ይታይና ሽልማቱ ብዙውን ጊዜ ለአግኚውና ለባለመሬቱ እኩል ይከፈላል። በ2009 እ.ኤ.አ. በስታፎርድሻየር የተገኘው የወርቅ ክምችት 3.285 ሚሊዮን ፓውንድ ተገምቶ በዚህ መንገድ ለሁለት ተከፍሏል። በተቃራኒው በ2015 እ.ኤ.አ. በሌምስተር አጠገብ የቫይኪንግ ዘመን ሀብት አግኝተው የደበቁ ሁለት ሰዎች በ2019 እ.ኤ.አ. 10 ዓመትና 8 ዓመት ተኩል ተፈርዶባቸዋል፤ በኋላ በይግባኝ ቢቀነስላቸውም ሽልማቱም ነፃነታቸውም አልቀረላቸውም። በቤተሰብ መሬት ላይም ቢሆን ወንድማማቾች ድርሻቸውን አስቀድመው በጽሑፍ ቢያሰፍሩ ጠብን ያርቃል።

ይህ አሠራር ኢትዮጵያ ውስጥ አይሠራም። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ሀብት ነው። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 ደግሞ ቅርስ ያለ ፈቃድ መፈለግ የተከለከለ ሲሆን፣ በግንባታም ሆነ በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ባለበት ጠብቆ ወዲያውኑ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ማሳወቅ ይገባዋል። ወርቅ ማውጣትም የራሱ የማዕድን ፈቃድ አለው። በመሆኑም በውጭ የሚኖር ዘመድ የላከለትን መሣሪያ ይዞ «የአያቴ ርስት ነው» ብሎ መቆፈር የሚጀምር ሰው የሚያስከትለው ክስ እንጂ ገቢ አይደለም።

ከሁሉም በላይ የሕይወት ጉዳይ አለ። ጦርነት ባለፈባቸው አካባቢዎች መሬት ውስጥ የሚጮኸው ብረት ያልፈነዳ ጥይት ወይም ፈንጂ ሊሆን ይችላል። የመዝናኛ ዲቴክተር ለፈንጂ ምንጠራ አልተሠራም። የከባድ መሣሪያ ጥይት የሚመስል ነገር ያየ ሰው ሳይነካ ርቆ ለፖሊስ መንገር ብቻ ነው የሚጠበቅበት።

እንግዲህ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ መጀመሪያ የመሬቱ ፈቃድ፣ ቀጥሎ የአፈሩ ጠባይና የሚፈለገው ዕቃ፣ ከዚያ ሙከራ፣ በመጨረሻ ክፍያ። ይህን ተራ የገለበጠ ገዢ መሣሪያው ቢሠራለትም ሂሳቡ አይሠራለትም።