የጊታር ቅምቅማትና የሠሪው ምርጫ

ጊታር በመድረክ ላይ ሲመታ ያላየ ሰው ከአንባቢዎቻችን መካከል የሚገኝ አይመስለንም። ነገር ግን ብዙዎቻችን የምናየው የሙዚቀኛውን ጣትና ክሩን ነው እንጂ የሣጥኑን ጠርዝ አይደለም። ሌላ ጊዜ አጋጣሚ ሲገኝ፣ የፊት ገበታውና ጎኑ በሚገናኙበት ሥፍራ ላይ ዐይንዎን ቢያሳርፉ፣ ዙሪያውን የሚከብ አንድ ቀጭን መሥመር ይታይዎታል። በቀለም የተሰመረ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። በእጅ በተሠራ መልካም ጊታር ላይ ግን ይህ መሥመር ጠርዙ ተቆርጦለት የገባ የእንጨት ወይም የፕላስቲክ ጥብጣብ ነው።

ለጌጥ ብቻ የተደረገ አይደለም። የነጠላ ጫፍ ካልተቀመቀመ እንደሚተረተር ሁሉ የጊታር ገበታም ቅምቅማት ያስፈልገዋል። ገበታው ብዙውን ጊዜ ከስፕሩስ እንጨት የሚሠራ፣ ውፍረቱ ወደ 3 ሚሊሜትር የሚጠጋ ለስላሳ ነገር ነው። በጠርዙ ላይ የተቆረጠው የእንጨቱ ጅማት አፉ ክፍት ስለሆነ እርጥበት ይስባል፤ ሲደርቅም ሊሰነጠቅ ይችላል። ቅምቅማቱ ይህን አፍ ይዘጋል፤ ጊታሩ ከወንበር ጋር ሲጋጭም ምቱን የሚቀበለው እርሱ ነው። የእኛ አገር ክራርና መሰንቆ ሠሪ ይህ ጣጣ የለበትም፤ የሚያለብሰው ቆዳ ራሱ ጠርዙን አጥፎ ይይዝለታልና።

ጭንቁ ያለው ጥብጣቡ የሚተኛበትን ቦይ በመቁረጡ ላይ ነው። የቦዩ ቁመት በአብዛኛው 6፣ ጥልቀቱም 2 ሚሊሜትር ያህል ነው። የጊታር ጎን ደግሞ ራሱ ውፍረቱ ከ2 ሚሊሜትር ብዙም አይርቅም። እንግዲህ ሠሪው በዚያ ሥፍራ ጎኑን ጨርሶ እየበላው ነው ማለት ይቻላል፤ ከውስጥ በኩል በኮላ የተለጠፈው ደጋፊ እንጨት ባይኖር ሣጥኑ አፉን በከፈተ ነበር። ይባስ ብሎም ይህ ሥራ የሚሠራው ጎኑ በሙቀት ከታጠፈ፣ ገበታው ከሳሳና ሣጥኑ ከተዘጋ በኋላ ነው። የብዙ ሳምንት ድካም ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ሳለ ነው ስለት የሚነሣው። ስለዚህ «በምን ልቁረጠው?» የሚለው ጥያቄ ለጊታር ሠሪ ቀላል ጥያቄ አይደለም።

በአልሜሪያ አጠገብ የተወለደው የስፔኑ አንቶኒዮ ዴ ቶሬስ (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1817 እስከ 1892 የኖረ ነው) ለዛሬው ክላሲክ ጊታር መልኩን የሰጠ ሰው ነው። በ1862 ጎኑንና ጀርባውን በወረቀት ካርቶን፣ ገበታውን ብቻ በእንጨት አድርጎ አንድ ጊታር ሠራ፤ የድምፁ ዋና ምንጭ ገበታው መሆኑን ለማሳየት ነበር። ይህ ሰው የኤሌክትሪክ ሞተር አያውቅም ነበር። በእርሱ ዘመንና ከዚያም በኋላ በብዙ የእጅ ሠሪዎች ዘንድ ቦዩ የሚቆረጠው ስፔኖች ግራሚል በሚሉት መሣሪያ ነው። ግራሚል ትንሽ ስለት የወጣበት የእንጨት ዘንግ ነው፤ በጎኑ ላይ የሚደገፍ መከልከያ ስላለው ስለቱ ከጠርዙ እኩል ርቆ ይሄዳል። ሠሪው መላልሶ እየሳበ እንጨቱን በሥሡ ይቀደዋል፤ ከዚያ በኋላ በመሮ ያነሣዋል። ሮዝውድን በመሰለ ጠንካራ እንጨት ላይ ሥራው ትዕግሥት የሚያስጨርስ ነው። ይሁን እንጂ ስሕተቱም እንደ ሥራው ቀስ ብሎ ስለሚመጣ፣ የተሳሳተ ሰው እጁን የሚሰበስብበት ጊዜ ያገኛል።

ዛሬ አብዛኛው ሠሪ የሚይዘው ራውተር የተባለውን ነው። ትንሹ ዓይነት በአንድ እጅ የሚጨበጥ ሲሆን፣ ፑንታው በደቂቃ እስከ 30,000 ጊዜ ይሽከረከራል። በፑንታው ጫፍ ላይ ያለችው ትንሽ ኩሽኔታ በጊታሩ ጎን ላይ እየተንከባለለች ጥልቀቱን ትወስናለች፤ ኩሽኔታው ሲለወጥ ጥልቀቱም ይለወጣል። የቀን ሥራው በሰዓት ያልቃል። ነገር ግን ኩሽኔታዋ ታማኝ እንጂ አስተዋይ አይደለችም። በጎኑ ላይ የደረቀ የኮላ ጠብታ ቢኖር በእርሱ ላይ ትወጣለች፤ ቦዩም በዚያው ልክ ይሳሳል። ስለዚህ ጎኑን አስቀድሞ ፍቆ ማስተካከል ግዴታ ነው።

ሁለተኛው ወጥመድ የማይታይ ነው። የጊታር ጀርባ ለዐይን ጠፍጣፋ ይመስላል እንጂ ጉብ ያለ ነው። በብዙ የብረት ክር ጊታሮች ላይ ጉብታው ራዲየሱ 4.5 ሜትር ያህል ከሆነ ክብ የተወሰደ ነው። ራውተሩን በዚህ ላይ ዝም ብሎ ያስቀመጠ ሰው፣ መሣሪያው በሰፊው ጠርዝ በኩል ሁለት ዲግሪ ተኩል ያህል ያዘነብልበታል። በ6 ሚሊሜትር ቁመት ውስጥ ይህ ሩብ ሚሊሜትር ክፍተት ይሆናል። ሩብ ሚሊሜትር ምን አላት የሚል ቢኖር፣ ኮላ የሞላበት ጥቁር መሥመር ከጥብጣቡ ጎን ለዘለዓለም ሲታይ ይገባዋል።

መፍትሔው ራውተሩን በሚወጣና በሚወርድ ቋሚ ክንድ ላይ ማንጠልጠልና ሣጥኑን ጎኑ ቀጥ ብሎ እንዲቆም አድርጎ መያዝ ነው፤ በዚህ ጊዜ ገበታውን የሚነካው አንዲት ጠባብ የቀለበት እግር ብቻ ናት። እንግዲህ የሚመረጠው ራውተሩ ብቻ ሳይሆን መያዣውም ጭምር ነው። መቼም በዕቃ ግዢ ክፍል የተቀመጠ ወጣት ይህን ሲያነብ ፈገግ ሳይል አይቀርም፤ ማሽኑ ገብቶ መያዣው ሳይታዘዝ የቀረበትን መጋዘን ያውቃልና።

ሦስተኛው የእንጨቱ ጅማት ነው። ጅማቱ በገበታው ርዝመት ይሄዳል፤ ጠርዙ ግን ወደ ወገቡ ሲታጠፍ ጅማቱን እያቋረጠ ነው። ፑንታው ወደ ላይ ከገፋው እንጨቱ ተገንጥሎ ይሄዳል። ድመት ፀጉሯ በተኛበት በኩል እንደምትዳበስ ሁሉ፣ ከሰፊው የሣጥኑ ክፍል ወደ ወገቡና ወደ ጫፎቹ መሄድ ያሻል። ራውተሩ ግን የሚሽከረከረው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሆነ፣ በዙሪያው ግማሽ ላይ ከእጅ ሊያመልጥ ይሮጣል። በዚያ ሥፍራ የሚያዋጣው በአንድ ጊዜ ጥቂት ብቻ መንካት ነው።

ታዲያ የትኛው ይሻላል? ሃምሳ ጊታር የሚሠራ ሰው ራውተሩን ከነመያዣው ቢገዛ ማንም አይፈርድበትም። የመጀመሪያ ጊታሩን ለሚሠራ ሰው ግን እኛ ግራሚሉን እንመርጥለታለን፤ ከጉልበት ይልቅ የሚጎድለው የእጅ ልማድ ነውና። ከሁለቱ አንዱን መተውም የግድ አይደለም። አስቀድሞ በግራሚል መሥመሩን ሁሉ የቀደደ ሰው ጅማቱን ቆርጦታል፤ ከዚያ ወዲያ ራውተሩ ቢገነጥል እንኳ ግንጣዩ ከመሥመሩ አያልፍም። በምንም ቢቆረጥ መጀመሪያ በቁራጭ እንጨት ላይ ሞክሮ፣ ጥብጣቡን ራሱን አስተኝቶ ማየት ነው። ጥብጣቡ ከጎኑ ጥቂት ወጣ ብሎ ቢቀር መልካም ነው፤ በኋላ ይፋቃል። ወደ ውስጥ ከሰመጠ ግን የሚፋቀው ጎኑ ይሆናል።

በአሜሪካ በተለመደው አሠራር አንገቱ በመጨረሻ ስለሚገጠም ራውተሩ ዙሪያውን ያለ መሰናክል ይዞራል። በጥንቱ የስፔን አሠራር ግን አንገቱ ከሣጥኑ ጋር አብሮ ስለሚገነባ፣ ማሽኑ ተረከዙ ዘንድ ሲደርስ ይቆማል። የቀሩትን ጥቂት ሳንቲሜትሮች ሠሪው ሞተሩን አጥፍቶ፣ መሮውን ስሎ፣ መብራቱን አስጠግቶ በእጁ ይጨርሳቸዋል።