የዒድ ጌጥና ትንንሽ ልጆች፦ ቤታችንን ስናስውብ ልናስተውላቸው የሚገቡ ነጥቦች

የዒድ ዋዜማ ምሽት በብዙዎቻችን ቤት ተመሳሳይ ነው። መጋረጃው ታጥቦ ይሰቀላል፣ ምንጣፉ ይራገፋል፣ ልጆች ፊኛ ሲነፉ ያመሻሉ፣ «ዒድ ሙባረክ» የሚል ጽሑፍ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ በጨረቃና በኮከብ ቅርጽ የተሠሩ መብራቶች፣ በባትሪ የሚሠሩ ትንንሽ ፋኖሶችና ብልጭ ድርግም የሚሉ የመብራት ገመዶች በየሱቁ ስለሚገኙ ሳሎናችን ከድሮው የበለጠ ያሸበርቃል። ማባከን እስካልገባበት ድረስ ይህ መልካም ነገር ነው። ልጆች ዒድን የሚወዱት በመጀመሪያ በዓይናቸው ነውና።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በዒድ ማግስት ጠዋት፣ ያን ጊዜ ሁለት ዓመት ያልሞላት ልጄ ሶፋው አጠገብ ተቀምጣ ዝም ብላ አንድ ነገር ስታኝክ አገኘናት። እናቷ አፏን ስትከፍተው ማታ የፈነዳ የቀይ ፊኛ ቁራጭ ሆኖ ተገኘ። አልሐምዱሊላህ፣ አልዋጠችውም። እኛ ግን ሳሎኑን ማታውኑ ጠርገን፣ ጠዋትም ደግመን ጠርገን ነበር። ቁራጩ ሶፋው ሥር ስለገባ ቆመን ለምንጠርገው ለእኛ አልታየንም፤ መሬት ላይ ለምትድኸው ለእሷ ግን ፊት ለፊቷ ነበር።

ከዚያ ወዲህ በቤታችን አንድ ልማድ ይዘናል። ቤቱን አስውበን ስንጨርስ በእንግዳ ዓይን ብቻ ሳይሆን በልጅ ቁመት እናየዋለን። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ይህንኑ ማካፈል ነው።

ፋኖሱን ከፍ አድርጎ መስቀል

ከቤት ውስጥ አደጋ መጠንቀቅ ለዲናችን እንግዳ አይደለም። በቡኻሪ በተዘገበ ሐዲስ በመዲና አንድ ቤት ሌሊት በባለቤቶቹ ላይ እንደተቃጠለ፣ ጉዳዩ ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በተነገራቸው ጊዜም እሳት ለሰው ጠላት መሆኑንና ሲተኛ ሊጠፋ እንደሚገባው ማስተማራቸው ተጠቅሷል። ከጃቢር (ረ.ዐ) በተላለፈው ሌላ ሐዲስ ደግሞ ምክንያቱ ጭምር ተገልጿል፤ አይጥ የመብራቱን ክር ጎትታ ቤቱን ከነሰዎቹ ልታቃጥል ትችላለች።

ኢማም አን-ነወዊ የሙስሊምን ሐዲሶች ባብራሩበት ሥራቸው በመስጊድና በሌላም ቦታ ከፍ ተደርጎ የሚሰቀልን ፋኖስ አንስተዋል። ቃጠሎ የሚያሰጋ ከሆነ በትእዛዙ ውስጥ ይገባል፤ እንደተለመደው ስጋት ከሌለበት ግን ችግር ያለበት አይመስልም፤ ምክንያቱ ተወግዷልና።

ለእኛም ትምህርቱ ይኸው ነው። ጌጡን መተው አይጠበቅብንም፤ የሚጠበቅብን የአደጋውን ምክንያት ለይተን ማንሳት ነው። ቤታችን ውስጥ ክር የምትጎትተው አይጥ ባትኖር እንኳ ክር የምትጎትት ትንሽ እጅ አለች።

ተንበርክካችሁ ቤቱን ዙሩ

ማስዋቡ ሲያልቅ ከቤተሰቡ አንዱ በጉልበቱ ተንበርክኮ ሳሎኑን ይዙር። ሦስት ነገሮችን ይፈልግ፤ የሚጎተት፣ የሚዋጥ፣ የሚያቃጥል።

የሚጎተት ሲባል በመጀመሪያ የጠረጴዛ ልብስ ነው። ጫፉ ተንጠልጥሎ ከሆነ መራመድ የጀመረ ልጅ ይዞት ሊነሳ ይሞክራል፤ ፔርሙዙም ሲኒውም ይከተለዋል። ለዒዱ ቀን ልብሱን እጠፉት ወይም አንሱት። ከቡፌው ጠርዝ የተንጠለጠለ ሪባን፣ የመጋረጃ ገመድ፣ በልጅ ቁመት የተወጠረ ክር ሁሉ አንገት ላይ ሊጠመጠም ስለሚችል ይጠር ወይም ከፍ ይበል። ከቡፌ ወይም ከቴሌቪዥን ላይ የተሰቀለ የሚያብረቀርቅ ነገር ልጅን ወደ ላይ እንዲወጣ ይጋብዛል፤ ስለዚህ ሊወድቅ በሚችል ዕቃ ላይ ጌጥ ባይሰቀል ይመረጣል።

የሚዋጠውን ለመለየት ቀላል መለኪያ አለ። የሶፍት ጥቅል መሃል ያለውን የካርቶን ቱቦ ውሰዱ። በዚያ ቱቦ ውስጥ የሚያልፍ ማንኛውም ነገር ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ ትልቅ አይደለም፤ ጉሮሮውን ሊዘጋ ይችላል። ዶቃ፣ ከጌጥ የሚረግፍ ኮከብ፣ የወረቀት መለጠፊያ ስፒል፣ ለዒዲያ የተሰጠ ሳንቲም ሁሉ በዚህ ይገባሉ። ጌጡን ለመለጠፍ ከስፒል ይልቅ ፕላስተር ተጠቀሙ።

ፊኛ

ፊኛ ንጹህ ደስታ ይመስላል። ነገር ግን ያልተነፋ ወይም የፈነዳ የላስቲክ ፊኛ ለልጅ ከአሻንጉሊቶች ሁሉ አደገኛ ከሚባሉት አንዱ ነው። ምክንያቱ ባሕሪው ነው፤ ቀጭንና ተለጣፊ ስለሆነ በጉሮሮ ቅርጽ ልክ ተጣብቆ አየር ይዘጋል፤ እንደ ጠንካራ ነገር በቀላሉ ተገፍቶ አይወጣም። በአሜሪካ በሚሸጡ የፊኛ ማሸጊያዎች ላይ ከስምንት ዓመት በታች ያሉ ልጆችን የሚመለከት የማስጠንቀቂያ ጽሑፍ የሚታተመው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ ፊኛውን የሚነፋው ትልቅ ሰው ይሁን። ተነፍቶ ሲያልቅ ከልጅ እጅ በላይ ይሰቀል። ሲፈነዳ ቁርጥራጩ ወዲያው ይለቀም፤ እንግዳ አለ ተብሎ «በኋላ» አይባልም። ማታም ከመተኛታችሁ በፊት ሁሉንም አውርዳችሁ አስተንፍሱና ጣሉ።

ክብ ባትሪ

በብዙ ወላጆች ዘንድ የማይታወቀው አደጋ ይህ ነው። ትንንሾቹ ፋኖሶች፣ በባትሪ የሚሠሩ ሻማዎችና የሚዘምሩ የዒድ ካርዶች ብዙ ጊዜ ሳንቲም የመሰለች ክብ ባትሪ ይይዛሉ። ልጅ ይህችን ባትሪ ቢውጥና ጉሮሮው ላይ ብትቀር የምትጎዳው በማነቅ ብቻ አይደለም። ባትሪዋ እርጥብ ሥጋ ስትነካ ኤሌክትሪክ ታስተላልፋለች፤ በዚህም ሥጋን የሚያቃጥል ኬሚካል ይፈጠራል። በሁለት ሰዓት ውስጥ ከባድ ቁስል ልታደርስ ትችላለች። መብራቱን ማብራት ያቃታት፣ «አለቀች» የምንላት ባትሪ እንኳ ለዚህ የሚበቃ ኃይል ይኖራታል።

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣ ሕግ እንዲህ ያሉ ባትሪዎችን የያዙ ዕቃዎች ክዳን ልጅ በቀላሉ የማይከፍተው እንዲሆን ታዟል። ከየገበያው የምንገዛው ጌጥ ግን እንዲህ ላይሆን ስለሚችል ከመግዛታችሁ በፊት ክዳኑን በጣታችሁ ሞክሩት። በብሎን ካልታሰረና በቀላሉ ከተከፈተ ተዉት። ቤት ያለውን ደግሞ ክዳኑን በፕላስተር ጥብቅ አድርጋችሁ አስራችሁ ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉት።

መብራትና ማከፋፈያ

የመብራት ገመዱን ከመስቀላችሁ በፊት ከዳር እስከ ዳር በእጃችሁ ዳስሱት። የተላጠ ሽቦ ወይም የተሰበረ አምፖል ካለው አትሰኩት። በአንድ ማከፋፈያ ላይ የጌጥ መብራትን ከምጣድ ወይም ከምድጃ ጋር አትሰኩ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ከ3,000 ዋት በላይ ሊስብ ይችላል፤ ማከፋፈያው ሲግል ከአጠገቡ ያለው የወረቀት ጌጥና መጋረጃ ማገዶ ይሆናል። ገመዱን በምንጣፍ ሥር ማሳለፍም ሙቀቱን ስለሚያፍነውና ሲረገጥ ስለሚላጥ አይመከርም።

መብራት ሲጠፋ ሻማ የሚበራ ከሆነ ከወረቀት ጌጥ የራቀ፣ ልጅ የማይደርስበት ቦታ ይለይለት። ከመተኛት በፊት ሁሉም ከሶኬት ይነቀል። ይህ ከላይ ያየነው የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ትምህርት የዛሬ አፈጻጸም ነው ማለት ይቻላል።

ከሰል፣ እጣንና ቡና

በእኛ ቤት የዒድ ጌጥ በዓይን የሚታየው ብቻ አይደለም። ቄጠማው፣ ረከቦቱ፣ የዑዱና የእጣኑ ጭስ ሁሉ የበዓሉ ድምቀት ናቸው። ይሁንና ብዙ ጊዜ መሬት ላይ፣ በልጁ ቁመት ልክ የሚቀመጡት እነዚሁ ናቸው።

ረከቦቱን በሳሎኑ መሃል ሳይሆን ጥግ ላይ አድርጉት፤ ቡና የምታፈላው እናት ወይም እህት ጀርባዋን ለግድግዳ ሰጥታ ትቀመጥ፤ ልጅ ከኋላዋ እንዳይመጣ። ጀበናና ምድጃው አካባቢ ሦስት እርምጃ ያህል ልጅ የማይገባበት ክልል ይሁን። ቄጠማው ፍም አጠገብ አይድረስ። ማጨሻውን እንግዳን ካጠኑበት በኋላ መሬት ላይ ሳይሆን ከፍ ያለና የማይነቃነቅ ቦታ ላይ አስቀምጡት። ረመጡ ጠፍቶ ቢመስል እንኳ ለረጅም ሰዓት ያቃጥላል፤ በር ላይም አይደፋ፤ ልጆች በባዶ እግር ይሮጣሉና።

መስኮት ሳይከፈት ከሰል ማንደድ ሌላ አደጋ አለው። ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም። የሚሸተው ጭሱና እጣኑ ብቻ ስለሆነ ሰው አይጠረጥረውም። ስለዚህ መስኮት ይከፈት፤ ፍም ያለበት ምድጃም ልጆች ወደሚተኙበት ክፍል አይግባ።

ፈንድሻና ኦቾሎኒንም እንጨምር። ከአራት ዓመት በታች ላለ ልጅ ሁለቱም የመታነቅ ምክንያት ይሆናሉ። ለእነሱ ለስላሳ ነገር ለይታችሁ አዘጋጁ።

ማነው የሚያየው?

ይህ ሁሉ ቢስተካከልም የዒድ ቀን የራሱ ፈተና አለው። ቤቱ በሰው ስለሚሞላ ልጁን የሚያየው ሰው የበዛ ይመስለናል። መምህር በነበርኩበት ጊዜ በትምህርት ቤት ዝግጅቶች ላይ ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ። አሥር መምህራን በአንድ ግቢ ቆመው ልጅ የሚጠፋው እያንዳንዱ ሌላው ያየዋል ብሎ ስለሚያስብ ነው። ክፍሎቹ በስም ለየመምህሩ ሲከፋፈሉ ግን ችግሩ ይቀንሳል።

ሁላችንም ጠባቂ መሆናችንንና ስለምንጠብቀው እንደምንጠየቅ የሚያስተምረውን ሐዲስ እናውቀዋለን። በዒድ ቀን ትርጉሙን በተግባር እናውለው። «አሁን ልጁን የማየው እኔ ነኝ» የሚል አንድ ሰው በስም ይኑር። እናት ቡና ስታፈላ አባት ወይም አጎት ይረከብ። ሲለዋወጡም በቃል ይባባሉ፤ «ተረክቤያለሁ» ይባል። ለዚያራ ወደ ሰው ቤት ስትሄዱም የዚያ ቤት ጌጥ ለልጃችሁ አዲስ መሆኑን አትርሱ። ልጅ የሌላቸው ዘመዶቻችን ማጨሻውን ከፍ እንዲያደርጉ በትህትና መጠየቅ ነውር አይደለም።

አደጋ ቢደርስ

ልጁ ቢታነቅና በኃይል ማሳል ከቻለ እንዲያስል ተዉት። ማሳል፣ ማልቀስ ወይም መተንፈስ ካቃተው አንዱ እርዳታ ይጥራ፤ ሌላው በትከሻዎቹ መካከል ጀርባውን 5 ጊዜ ይምታ። ካልወጣ፣ ከአንድ ዓመት በላይ ከሆነ ከእምብርት በላይ ሆዱን ወደ ውስጥና ወደ ላይ 5 ጊዜ ይጫን፤ ከአንድ ዓመት በታች ከሆነ ደረቱን 5 ጊዜ ይጫን እንጂ ሆዱን አይንካ። ይህ እስኪወጣ ወይም እርዳታ እስኪደርስ ይደጋገም። የማይታይን ነገር ለማውጣት ጣት ወደ አፍ መስደድ ወደ ውስጥ ሊገፋው ይችላል።

ክብ ባትሪ እንደዋጠ ከተጠራጠራችሁ ምልክት አትጠብቁ፤ ራጅ ወዳለበት ሆስፒታል ወዲያው ሂዱ። እንዲያስታውክ አታድርጉ። ከአንድ ዓመት በላይ ከሆነ፣ መዋጥ ከቻለና ባትሪውን ከዋጠ 12 ሰዓት ካልሞላው በመንገድ ላይ በየ10 ደቂቃው ሁለት የሻይ ማንኪያ ማር መስጠት፣ እስከ 6 ጊዜ፣ ቁስለቱን ይቀንሳል። ማሩ ግን ሕክምና አይደለም፤ ለማር ሲባል መንገድ አይዘገይም። ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን ማር አይሰጥም።

ከተቃጠለ ቀዝቃዛ የቧንቧ ውሃ ለ20 ደቂቃ አፍስሱበት። የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ፣ የቡና ዱቄትና እንቁላል አትቀቡ፤ በንጹህ ጨርቅ ሸፍናችሁ ወደ ሐኪም ውሰዱት። ኤሌክትሪክ ከያዘው ደግሞ ልጁን ከመንካታችሁ በፊት ኃይሉን ከቆጣሪው አጥፉ።

ስልኮቹን ዛሬውኑ በሁሉም ተንቀሳቃሽ ስልክ ላይ መዝግቡ። በአገራችን የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ በአዲስ አበባ የእሳትና ድንገተኛ አደጋ 939 ነው። በአሜሪካ ያላችሁ 911፣ በአውሮፓ 112፣ በሳዑዲ አምቡላንስ ለመጥራት 997፣ በኤሚሬትስ 998 ነው።

ውድ አንባቢያን፣ ቤቱን ካስዋባችሁ በኋላ ለእንግዳ በር ከመክፈታችሁ በፊት ለአሥር ደቂቃ ያህል ተንበርከኩ። አላህ ልጆቻችንን ይጠብቅልን፤ ዒዳችንንም የደስታ ያድርግልን። ዒድ ሙባረክ!